ውሻው ዳስ የገባበት ቪዲዮ

«ቅጥፈት ነው» ብላችኋል። እሺ፣ ቅጥፈት ይሁን። «ሰርግ ቀራጺ ሁሉ ከካሜራው አፉ ይረዝማል» ያልከኝም፣ «ኮምፒውተር ሰው ሲያድን ያየ አለ?» ብለሽ የሳቅሽብኝም፣ የሁላችሁንም አስተያየት አንብቤያለሁ። የናቃችሁኝ ባለፈው በጥቂት መስመር ስለጻፍኩት ነው። ዛሬ ከነሆድ ዕቃው ልዘርግፈው። ረዘመብኝ የሚል እዚሁ ይውረድ፣ ሂሳብ አልቀበለውም።

እኔ ይበልጣል እባላለሁ። ከትምህርት ጋር ሰባተኛ ክፍል ላይ ተለያየን፤ ማን ማንን እንደፈታ እስካሁን አልተጣራም። ካሜራ ላይ ግን ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ልጨምርላችሁ እስከ አዴት፣ የሚስተካከለኝ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? ማንም የለም። መናኸሪያ ጀርባ አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ግማሿ ስቱዲዮ፣ ግማሿ መኝታ ቤት ናት። ድንበሩን የሚያውቀው ቁንጫው ብቻ ነው።

ያን ሰሞን ከባህር ዳር አንድ ካሜራ ተከራይቼ አመጣሁ፣ «ሮው» የሚቀርጽ። ለማታውቁት፣ ምስሉን ጥሬውን ነው የሚያስቀምጠው። ያልተነካ ሥጋ በሉት። መልኩ ግራጫ ነው፣ ክብደቱ የበሬ ነው። እንደኔ ባለ አሮጌ ኮምፒውተር እንዲሁ ልየው ካልክ አንዴ ይሄዳል፣ አሥር ጊዜ ይቆማል። ያንን ጥሬ አብስሎ ሰው የሚያየው ቪዲዮ ማድረግ ሬንደር ይባላል። ቶሎ ይውጣልኝ ካልክ ጭቃ የመሰለ ምስል ይሰጥሃል፤ ጥርት ይበልልኝ ካልክ ደግሞ ጢምህ እስኪያድግ ትጠብቃለህ። ደንበኛ ሁለቱንም ነው የሚፈልገው። እኔም «ጥራት ወይስ ፍጥነት? አንዱን ሳመው፣ ሌላውን ተሰናበተው» እያልኩ እቀልድ ነበር።

በዚያ ካሜራ የመጀመሪያ ሥራዬ የአያ ዘለቀ ሰርግ ነው። አያ ዘለቀ ከቡሬ ወጣ ብሎ ገጠር የሚኖሩ፣ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ጌትነት አለምነሽ የምትባል ልጅ አገባ። ለዘመድ ልጆች ሁሉ ከቡሬ ገበያ አንድ ዓይነት ቢጫ ጨርቅ ገዝተው አሰፍተውላቸው ነበር። ዳሱ በቢጫ ሲርመሰመስ ማየት ነው! ለካሜራ ያምራል። ልጁን ከልጁ ልለይ ካልክ ግን የወለደችውም ትቸገራለች። አለምነሽ ደግሞ እንደ አገሩ ወግ አንገቷን ደፍታ፣ ቃል ሳይወጣት የዋለች ሙሽራ ናት። እንባዋ ሲወርድ የያዝኩት ምስል ብቻውን ሽልማት ይገባዋል፣ ሸላሚ ጠፋ እንጂ። መሀል ላይ አንድ ቡናማ ውሻ አጥንት ሸቶት ዳሱ ውስጥ ገባ። ልጆቹ ተንጫጩ፣ አንዱ ወደቀ፣ ውሻውም ሾልኮ ወጣ። ተሳቀ። እኔም ስቄአለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት አያ ዘለቀ ደወሉ።

«ይበልጣል፣ ያ ቪዲዮ የት ደረሰ?»

«አያ ዘለቀ! እንደምን አደሩ? ገና እያሸሁት ነው። ለመሆኑ ጥራት ይሻልዎታል ወይስ...»

«አትቀልድ ልጄ። ዛሬ አትቀልድብኝ።»

ድምፃቸው የሳቸው አልመስል አለኝ። ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

«ያ ዳስ የገባው ውሻ አብዷል። ትናንት የጎረቤት ጥጃ ነክሶ፣ ለሀጩ እየተዝረበረበ በዱላ ገደሉት። ከልጆቹ አንዱን ነክሶ እንደሆን አናውቅም። ሁሉም አልነካኝም ነው የሚሉ። ያንተ ካሜራ አይቷል።»

ስልኩን እናኑ ተቀበለቻቸው። እናኑ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ቀልድ የማታውቅ ልጅ። «ስማኝ ይበልጣል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መድኃኒት የለውም። ሳይጀምር ነው መከተብ። ከተማ ጠይቄ የቀረው የአንድ ሰው ክትባት ብቻ ነው። ከባህር ዳር ሌላ እስኪመጣ ደግሞ መንገዱ ከነገ ጀምሮ ይዘጋል እየተባለ ነው። ለየትኛው ልጅ እንደምንሰጠው ማወቅ አለብን። ዛሬ።»

«ገላቸውን አታዩም?»

«ገጠር ያደገ ልጅ እግር ታውቃለህ አይደል? ያልተጫረ የለም። ሁሉም እሾህ ነው ይላሉ። የሚፈሩት የሽማግሌውን መድኃኒት ነው።»

ይሄኔ ገባኝ። በኛ አገር ውሻ የነከሰው ልጅ ጨለማ ቤት ይዘጋበትና የሚያንዘፈዝፍ መራራ ሥር ተበጥብጦ ይጋታል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ውሻ ቢውጠው እንኳ ሆዱ ውስጥ ሆኖ «አልነካኝም» ይላል።

ልንገራችሁ፣ እኔ ፈሪ አይደለሁም። ግን ልጅ ሆኜ በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው አይቻለሁ። ጎረቤታችን ነበር። በገመድ አስረውት ውሃ በጣሳ ሲያቀርቡለት ጉሮሮው እየተናነቀ ዓይኑ ይፈጥ ነበር። ውሃ ጠምቶት ውሃ ይፈራል። አእምሮው መለስ ሲልለት ደግሞ እናቱን «አትቅረቢኝ፣ እነክስሻለሁ» ይላት ነበር። ስልኩን ዘግቼ የማየው እሱን ብቻ ነው።

ኮምፒውተሬን ነቅዬ፣ በጋቢ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ረዳቱ «ያቀፍከው ምንድን ነው?» ሲለኝ «ሙሽራ ናት፣ አትንካት» አልኩት። ማንም አልሳቀም። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ወደ ቡሬ የሚሄደው ጥቂት፣ ከቡሬ የሚመጣው ጭነት በጭነት። መንገድ ይዘጋል የሚለው ወሬ ሁሉንም ሰው ዝም አሰኝቶታል። እኔም በየጉድጓዱ ኮምፒውተሬን ከፍ ዝቅ እያደረግሁ ስሜን የሚያውቁ መላእክትን ሁሉ ጠራሁ።

ቡሬ የገባሁት የአያ ዘለቀ ወንድም ቤት ነው፤ መብራት ስላለ ሁሉም እዚያ ተሰብስበዋል። ጓሮው ውስጥ ልጆቹ ቢጫቸውን ለብሰው ተኮልኩለዋል፤ እናኑ ናት እንዲያ ይምጡ ያለች። አንድ ሽማግሌ ባለመድኃኒት ጠርሙሱን በጉልበቶቹ መሀል አድርጎ ጥግ ይዟል። ልጆቹ ጠርሙሷን ያያሉ፤ ወላጆቹ ልጆቹን ያያሉ። አለምነሽ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ በሩ ጋ ቆማለች። ጌትነት ውጭ ባጃጅ ይዟል።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አሉ አያ ዘለቀ።

«ሁለት መንገድ አለው» አልኩ። «ፈጣኑ ምስሉ ደብዛዛ ነው፣ አሁን ይደርሳል። ጥርት ያለው ግን፣ ዳሱ ጨለማ ስለነበር እያንዳንዷን ነጠብጣብ እያጸዳ ስለሚሄድ፣ ሲመሽም አያልቅ።»

«ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ መድረስ አለብን» አለች እናኑ። «ፈጣኑን አድርገው።»

«እኔ ፈጣኑን ባወጣው የሌላ ሰው ጥርት ያለ ያህላል» አልኩ። አፌ እንዲህ ነው፤ ስፈራ ይብስበታል።

ፈጣኑ ወጣ። ሰው ሁሉ ስክሪኑ ላይ ተደፋ። ምን ይታያል መሰላችሁ? ቢጫ ጭቃ። ቢጫው ውስጥ አንድ ቡናማ እብጠት ይሮጣል። ኮምፒውተሩ ለመቅደም ሲል ምስሉን እየዘለለ ነው ያወጣው፤ ውሻው አንድ ቦታ ይታይና ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ከዚያ አንዱ ቢጫ ወደቀ፣ ቡናማውም እላዩ ላይ ሆነ።

«ታደለ ነው!» አለ አንዱ። «የወደቀው ታደለ ነው!»

የታደለ እናት ኡኡታዋን ለቀቀችው። አባቱ ካሴ ልጁን በአንድ እጁ አንስቶ ሱሪውን ሰበሰበው። ቅልጥሙ ላይ የደረቀ ጭረት አለ።

«እሾህ ነው አባዬ! በማርያም እሾህ ነው!» አለ ልጁ። ሽማግሌው ጠርሙሱን ይዞ ተነሣ።

«በቃ፣ ክትባቱ የታደለ ነው። እንሂድ» አሉ አያ ዘለቀ። ጌትነትም ባጃጁን አስነሣ።

እኔ ግን ዓይኔ ስክሪኑ ላይ ቀረ። ያ ቡናማ ነገር ታደለን ከዘለለ በኋላ ወደ ሙሽሮቹ ጠረጴዛ ገባ። ገባ እንጂ አልወጣም። ምስሉ ብዙ ዘሎ ከወዲያ ነው የታየው። መሀል ላይ ምን እንዳደረገ የለም፣ ተውጧል። እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ የሙሽራዋ ፊት አንድ ነጭ ጠብታ ሆኖ ሲርገበገብ ይታያል። ያን ቦታ አውቀዋለሁ። ያቺ የኮራሁባት እንባ እዚያ ላይ ናት።

«ቆዩ» አልኩ።

«ምን ሆንክ?» አለች እናኑ።

ቀና ብዬ አለምነሽን አየኋት። ዓይኗን ከዓይኔ አሸሸች። በሰው ፊት እንዲህ ነው ብል ልክ ካልሆንኩስ? ሙሽራ ናት፣ ስም ነው። ልክ ከሆንኩ ደግሞ ያቺ አንዲት ክትባት ለታደለ ልትሰጥባት ነው።

«ትንሽ ቦታ... ጥርት አድርጌ ልየው» አልኩ።

ካሴ በኮሌታዬ ያዘኝ። ትንፋሹ ፊቴ ላይ ነው። «ልጄ እየሞተብኝ አንተ ፊልምህን ታሳምራለህ? እንዴ! ዘግይተን በር ቢዘጋብን ምን ልትሆን ነው? ቡሬን ለቀህ የምትወጣ ይመስልሃል?»

«አያ ካሴ፣ ቢገድሉኝም ገድለው ይጠብቁ» አልኩት። በሕይወቴ የተናገርኩት ደደብ ቀልድ እሱ ነው። ግን ለቀቀኝ።

«ምን ያህል?» አለች እናኑ።

እዚህ ላይ ነው እናንተ «ማን ነው እሱ» የምትሉት ልጅ ጭንቅላቱን ያሠራው። ሙሉውን ጥርት ላድርግ ካልኩ ነገም አልጨርስም። ታዲያ ምኑን ልጣል? ጥራቱን ብጥል ያው ጭቃ ነው። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ጣልኩ። ከሰርጉ ሁሉ ውሻው ከታደለ ጀምሮ እስኪወጣ ያለችውን ብጣሽ ብቻ አስቀረሁ። ከምስሉም ዙሪያውን ቆረጥኩት፤ ሚዜ ሄደ፣ አጃቢ ሄደ፣ አያ ዘለቀም ራሳቸው ተቆረጡ። የቀሩት የወደቀው ልጅና ጠረጴዛው ብቻ ናቸው። ቀለም አላስፈልገኝም፤ ግራጫው ይቅር አልኩት። ዘፈኑን ደፋሁት። ነጠብጣብ ማጽዳቱን ግን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ከዚያ ተጫንኩ።

ሥራው የት እንደደረሰ የምታሳየው መስመር ተነሣች። ትሳባለች አልላችሁም፣ ቀንድ አውጣ ይቀድማታል። ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ ይጮሃል፤ ኮፍያዬን አውልቄ አራግብለት ጀመር። ሰው ሁሉ ቆሞ እሷን መስመር ያያል። የታደለ እናት ልጇን አቅፋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ባጃጁ ውጭ ይንደቀደቃል።

የጎረቤት ወፍጮ ተነሣና መብራቱ ደከመ። ስክሪኑ ብልጭ አለ። ልቤም ብልጭ አለች።

«ወፍጮውን አስቁሙልኝ! ከጠፋ ከዜሮ ነው የምጀምረው!»

አያ ዘለቀ ራሳቸው ሮጡ። ያን የመሰለ ትልቅ ሰው ነጠላቸውን እየጎተቱ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም። ወፍጮው ዝም አለ። መስመሯ ግማሽ ላይ ናት።

«ይበልጣል፣ ከአሁን በኋላ ብንሄድም አንደርስም ይሆናል» አለች እናኑ በቀስታ። «ጥራቱን ቀንሰህ ጨርሰው።»

እጄ ማውሱ ላይ ነው። ልቀንስ? ብቀንስ አሁን ያልቃል። ግን ደብዛዛ ነገር ባሳያቸው ደብዛዛውን እንደገና ታደለ ያደርጉታል፤ ሰው በፍርሃት ሲያይ ማየት የፈለገውን ነው የሚያይ። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ያ ጎረቤታችን ከነጣሳው ፊቴ መጣ። ግን በገመድ የታሰረው አሁን እሱ አልነበረም፤ ቬሎ የለበሰች ሙሽራ ነበረች።

«አልቀንስም» አልኩ። ድምፄ የሴት ሆነ። ሳቁ፣ ሳቁ፤ እውነቴን ነው።

አለቀ።

ከፈትኩት። ግራጫ ነው፣ ቀለም የለውም፣ ግን እያንዳንዱ የውሻው ፀጉር ይቆጠራል። ታደለ ወደቀ፤ ውሻው አፉ ውስጥ አጥንት ነክሶ በላዩ ዘለለው። ጥርሱ ከአጥንቱ ጋር ተጣብቋል፣ ልጁ ዘንድ አልደረሰም። የታደለ እናት ትንፋሿን ስትለቅ ሰማኋት። ከዚያ ውሻው የሙሽሮቹ ጠረጴዛ ልብስ ስር ገባ። አንድ ሚዜ በእግሩ ገፋው። አጥንቱ ወደቀ። ጨርቁ ተነፋ፣ ወደ ሙሽራዋ እግር በኩል እንደ ማዕበል ተጎተተ።

እና አለምነሽ። አለምነሽ ወንበሯ ላይ ዘለለች፤ ከወንበሯ ሳትነሣ። ጣቶቿ ጠረጴዛውን ጨበጡ። አፏ ሊከፈት ሲል የቬሎዋን ጫፍ ነከሰች። እንባዋ ዱብ አለ። አንገቷን መልሳ ደፋች።

ባጃጁ ብቻ ይንደቀደቃል። ሁላችንም ወደ በሩ ዞርን።

«አለሜ» አሉ አያ ዘለቀ። «ነክሶሻል?»

ነጠላዋን ይበልጥ ሳበች።

«ንገሪኝ ልጄ። ያን ጊዜ ለምን አልጮህሽም?»

«ሙሽራ ትጮሃለች እንዴ አባባ?» አለች። ድምፅዋን ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነው። «ያ ሁሉ ሰው እያየኝ? ትንሽ የጫረኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ አበደ ሲባል ደግሞ... ውሻ የበላት ይዘንላችሁ መጣን ብላችሁ ለናቴ ትመልሱኛላችሁ ብዬ።»

ቁጭ ብላ ካልሲዋን አወረደች። ተረከዟ ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያው ቀልቷል። እናኑ ተንበርክካ አየችው።

«ማን ነው የሚመልስሽ?» አሉ አያ ዘለቀ። «ማን ነው እሱ? ይምጣና ይንገረኝ።»

ጌትነት ሚስቱን አንስቶ እንደ ሕፃን አቀፋትና ወጣ። ካሴ፣ ኮሌታዬን የያዘኝ ካሴ፣ ቀድሞ ባጃጁን ይዞ «ግቡ! ግቡ! እኔ እነዳለሁ!» ይላል። እናኑ ዘላ ገባች። እኔ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በሩ ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ዘበኛው የያዘውን ቁልፍ እናኑ በሁለት እጇ ጨብጣ እንደቆመች ካሴ ሲተርክ አያልቅበትም። አለምነሽ የመጀመሪያውን ተወጋች፤ የቀረውን እስክትጨርስ እዚያው ቡሬ በአማቷ ወንድም ቤት ተቀመጠች። መንገዱ እንደተባለውም በማግሥቱ ተዘጋ። በኋላ ሲከፈት ክትባት መጣና እናኑ ልጆቹን አንድ በአንድ አሳክማለች፤ ታደለም ተከተበ፣ ጭረቱ የእውነት እሾህ ቢሆንም። ሽማግሌውም ጠርሙሱን ይዞ ሄደ። ልጆቹ በደስታ ጓሮውን አፈረሱት።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ይህ ነገር ምን ቀየረብህ ትሉኝ ይሆናል። ኩራቴን አልቀየረም፣ አትጠብቁ። ግን እኔ ያቺን እንባ ለደንበኛ ሳሳይ «እዩ፣ እናቷን ናፍቃ» እያልኩ ነበር። አንዲት ልጅ ሞቷ እግሯን ሲነክሳት አይቼ መብራት አስተካከልኩባት፤ ያም ያስፈራኛል፣ ዛሬም። ከዚያ ወዲህ ሙሽራ ስታለቅስ ካሜራዬን ዝቅ አድርጌ ጎንበስ ብዬ «እህቴ፣ ምን ሆንሽ?» እላለሁ። አብዛኞቹ ያፍሩብኛል። አንዳንዶቹ ጫማው ጠበበኝ ይሉኛል። ሚዜዎቹ ያሾፉብኛል። ያሹፉ። ደንበኛ ቶሎ ይውጣልኝ ሲለኝም እንደ ድሮው «አንዱን ምረጥ» አልለውም፤ «ከሁሉ የቱን ማየት ነው የምትፈልገው?» ነው የምለው። እሱን ከነገረኝ ሌላውን ልጥለው እችላለሁ።

አሁንም አላመናችሁም? ጥሩ። መኪና ተሳፈሩና ቡሬ ውረዱ። ወፍጮ ቤቱን ጠይቁ፣ በዚያ ቀን ለምን እንደቆመ ይንገራችሁ። ባጃጁን የነዳውን ካሴን ጠይቁ፤ እንኳን እኔን ሊያስተባብል፣ ከኔ የበለጠ አጋኖ ካልነገራችሁ እጄን ቁረጡኝ። እናኑን ጠይቁ፣ እሷ መዋሸት አልተማረችም። ደፋር የሆነ ደግሞ ገጠር ይዝለቅና አለምነሽን ራሷን ይጠይቃት። ልጅ አዝላ ነው የምታገኟት። ጩኸቷን ከደጅ ስትሰሙ አትደንግጡ፤ ውሻ በደጇ ካለፈ እንዲህ ነው የምትጮህ፣ ያ ሁሉ ሰው እያያት፣ እስክትጠግብ። ሂዱ እንጂ! ምን ትጠብቃላችሁ?